የፋሂም ራስ የተለካበት ክረምት

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ዮርዲ ናት፤ ከልጆች ማዕከሉ። «እማማ ኩልሱም፣ የፋሂምን ውሎ በየቀኑ አንድ አንድ መስመር ይጻፉልን» አለችኝ። አንድ መስመር! ለእኔ! የገዛ ልጄ ሩፈይዳ እንኳ «እማ ደህና ዋላችሁ ለማለት ሩብ ሰዓት አይበቃትም» ብላ ነው የምታማኝ። አንዷን መስመር በሌላ ወረቀት እጽፍላቸዋለሁ፤ ደብተሩ ግን የኔ ነው። አስራ ሁለተኛን የጨረስኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ዋናው ወሬ እነሆ፦ የልጅ ልጄ አንጎል በማሽን ሊለካ ነው! በሽቦ! አልሐምዱሊላህ፣ እኛ እዚሁ ጅማ፣ ሐርመታ ሰፈር ተቀምጠን።

ፋሂም አምስት ዓመቱ ነው። አይናገርም። ስሙን ቢጠሩት አይዞርም። ቀኑን ሙሉ የጨርቅ ሱቃችን ውስጥ፣ እናቱ ሩፈይዳ ከምትሰፋበት መኪና ሥር ተቀምጦ መንኮራኩሩ ሲዞር ያያል። ልጁ ቆንጆ ነው፣ ጤነኛ ነው፤ ጆሮው ብቻ ብርድ ይወዳል መሰለኝ፣ እኔ ላጫውተው ጠጋ ስል በሁለት እጁ ይሸፍነዋል። የሱፍ ኮፍያ ገዝቼለታለሁ፤ አልረዳውም።

ዶክተር ዮኤል የሚባለው ወጣት አስረዳን። አንጎል ውስጥ ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ አለ አለ። ቁልፍ ቁልፍ የተደረደረበት ቆብ ራሱ ላይ ይደረጋል፣ ሞገዱ በስክሪን ይታያል። «ቆቡ ያዳምጣል እንጂ ምንም አይልክበትም። ኦቲዝም ነው አይደለም የሚለውን ደግሞ ማሽኑ ብቻውን አይፈርድም፤ ገና ጥናት ላይ ነን። እኛም ልጁን እናየዋለን፣ እናቱንም እንጠይቃለን። ሞገዱ ምን እንደሚረብሸው፣ ምን እንደሚረዳው ይጠቁመናል።» እኔ የሰማሁት «ይታያል» የሚለውን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ምን ያስባል እያልኩ የኖርኩትን!

መቸኮላችን ለምን እንደሆነም ልጻፍ። የሩፈይዳ አማት ወይዘሮ ማሂራ ከአጋሮ ደውለው ነበር። «እስከ አዲስ ዓመት ትምህርት ቤት ካልተቀበለው እኔ ጋ ይምጣ። ግቢዬ ሰፊ ነው፣ አጥሩም ረጅም ነው። ከሰው ዓይን ያርፋል» አሉ። ልጃቸው ኢስሃቅ፣ የሩፈይዳ ባል ማለት ነው፣ ቡና በአይሱዙ ያመላልሳል፤ ቤቱ መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እናቱ ያሉት ለሱ ቁርጥ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ ደግሞ «ማዕከሉ አይቶት እንዴት እንደምንይዘው ይምከረን፣ አለበለዚያ አንችልም» ብሎናል። ስለዚህ ነገሩ በቆቡ ላይ ቆሟል።

ረጅም አጥር አሉ። ለአምስት ዓመት ልጅ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ለዙቤይዳ ብቻ ነበር የነገርኳት። በምስጢር። ዙቤይዳ ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ አፏ የታወቀ ነው፣ ግን ለማን ልንገር?

አስር ሰላት ሳይደርስ ቲጃኒ ደላላው መጣ። «ኩልሱም፣ ያ ማሽን የሰው ሐሳብ ያነባል አሉ። የቡና ሸሪኬን ባመጣውስ?»

«ለልጆች ነው።»

«እሱም ከልጅ አይሻልም!»

ቀጥላ ራሷ ዙቤይዳ፤ ባሏን ልታስለካ። «ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ምን እንደሚያስብ አንድ ቀን አልነገረኝም።»

«ምንም ባይገኝስ?» አልኳት።

«ማወቁ ይሻላል።»

ሳቄ ሳያባራ ሩፈይዳ ከጓዳ ወጣች። «እማ፣ ለማን ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለዙቤይዳ ብቻ። ወላሂ!»

ተመልሳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና እስኪመሽ ረገጠችው። በኋላ ሳይ መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። ፋሂም መንኮራኩሩን ስለሚወድ ይሆናል።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ነገ ነው! ዝናብ። መብራት የለም። ዮርዲ ደወለች፣ ራሱ ታጥቦ ይምጣ አለች፣ ሌላም ትል ነበር፣ ደንበኛ ሻሽ ትመርጥ ስለነበር «ገብቶኛል ገብቶኛል» ብዬ ዘጋሁት። ሸሚዙ ተተኩሷል። በከሰል።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ያ ረቢ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ ልጽፈው እችላለሁ።

ታጥቦ ይምጣ አሉ፤ አጠብኩት። ሩፈይዳ ልብሷን ስትለብስ ሳየው ራሱ ደርቆ አመድ መስሏል። አያት የሌለው ልጅ ይመስል! ትልቅ ሰው ፊት፣ ያውም ራሱ ሊታይ፣ እንዲህ ይቀርባል? ከሰቃ የመጣ ለጋ ቅቤ ነበረኝ። ቀባሁት። በደንብ። ኮፍያውን ደፋሁበትና ሄድን።

ዶክተር ዮኤል ኮፍያውን አወለቀ፣ ራሱን ነካ፣ ጣቱን አየ፣ አሸተተ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰቃ ነው፣ ንጹሕ ነው። ላንተም አመጣልሃለሁ።»

ዮርዲ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ እያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ቁልፎቹ ራስ ላይ የሚጣበቁት በሆነ ቅባት ነው፣ የራሱ የማሽኑ ቅባት አለው፣ በቅቤ ላይ አይይዝም። ቆቡ ሳሙና ላይ እንደቆመ ሰው ተንሸራተተ። በሳሙና እንጠበው ሲሉ ፋሂም ቆቡን በደንብ አየው። ገመዱን ሁሉ። ያን ጊዜ ጩኸት ማለት ምን እንደሆነ ሰማሁ። ራሱን ከወንበሩ ጋር ሊያጋጭ ሲል ሩፈይዳ እጇን መሐል አስገባች። እጇ ዛሬ አብጧል፤ እንዲያም ሆኖ ትሰፋለች።

ማሽኑ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ ተራችን ነሐሴ 12 ሆነ።

ወይዘሮ ማሂራ ደወሉ። «ተለካ?»

«ማሽኑ ሰቃ ሄዷል» አልኳቸው። የሰቃውን ቅቤ አላነሳሁም።

ቅቤ አትቀቡት አላሉኝም እኮ። ወይም ልትለኝ ስትል ነው የዘጋሁባት። አዎ፣ እሱ ነው።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ዮርዲ ዘዴ ነገረችን፤ ዛሬ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። «ቆቡን እንዳይፈራ ቤት ውስጥ ይለማመድ። ቀለል ያለ፣ ቀዳዳ ያለው ነገር ይሁን። መጀመሪያ ግን ሌላ ሰው ሲያደርገው ይይ፤ አታስገድዱት።»

ቀለል ያለ፣ ቀዳዳ ያለው! የፓስታ ማጥለያ አለኝ እኮ!

ከጠዋት ጀምሮ ራሴ ላይ አድርጌ ሱቅ ዋልኩ። አንዲት ከአጋሮ የመጣች ሴትዮ ሻሽ ልትገዛ ገብታ አየችኝና የጠራሁትን ዋጋ ሳትከራከር ከፍላ ወጣች። በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ገበያ አላየሁም! ሩፈይዳም አደረገች፤ እሷስ የሻይ ማጥለያዋን በሪባን አስራ፣ ሙሽራ መሰለች። ስትስቅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

ፋሂም ከመኪናው ሥር አየን። አልጮኸም።

ከነገ ጀምሮ ሕግ አውጥቻለሁ። ራሱ ላይ አንድ ነገር ያላደረገ ሰው ወደ ቤቴ አይገባም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ሰፈሩ ውስጥ ፓስታ የቀቀለ ሰው የለም፤ ማጥለያው ሁሉ እኔ ቤት ነው። ቲጃኒ በወንፊት ገባ፣ ቅንድቡ ዱቄት ሆኖ ወጣ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው «እኔ ቆጣሪ ብቻ ነው የማየው» አለ። «ፋሂምም አንተን ያያል» አልኩት። አደረገ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን አላህ ብቻ ነው የሚያምነኝ።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ከተማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፋይናንስ ሰው፣ ከራቫታቸው ለገበያም አይወልቅም። ኮሚቴው የፋሂምን ነገር ሰምቶ ተሰብስቧል። በደንቡ መሠረት አባል ሆስፒታል ሲተኛ ዳቦና ለስላሳ ይዞ መጠየቅ ነው። ልጁ ግን አልተኛም፤ ራሱ ብቻ ነው የሚለካው። ረጅም ክርክር ሆነ አሉ። በመጨረሻ ውሳኔው፦ ዳቦ ይወሰድ፣ ለስላሳ ይቅር።

ዳቦውን ይዘው መጡ። በሩ ላይ ለእያንዳንዳቸው አደልኩ። ጋሽ ከተማ «ወይዘሮ ኩልሱም፣ እኔ መንግሥትን ያገለገልኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ለዚህ ነው ትልቁን ያስቀመጥኩልዎ» ብዬ የአሉሚኒየሙን ሰጠኋቸው። አደረጉት። ከራቫታቸውን አስተካከሉና ተቀመጡ።

ሳሎኑ ሞላ። ማጥለያ፣ ወንፊት፣ የእንፋሎት ድስት፤ ዙቤይዳ የበርበሬ ማበጠሪያ አድርጋ ታነጥሳለች። ዳቦው ተቆረሰ። ሁሉም አፉ ውስጥ ዳቦ ነበር፣ እኔም ጭምር፣ ስለዚህ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ፋሂም ወጣ። በራሱ! የክር ማጠንጠኛ ይዞ ጋሽ ከተማ ፊት ቆመና ራሳቸውን መታቸው፤ ኳ። ሰማው። ወደ ቲጃኒ ሄደ፤ ጠፍ። ወደ ዙቤይዳ። አንድ በአንድ ሁሉንም መታ፣ ጆሮውን ዘንበል እያደረገ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ትንሿን ማጥለያ አንስቶ ራሱ ላይ ደፋ፤ ራሱንም መታ። ሩፈይዳ አፏን በእጇ ያዘች።

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ማሂራ። ከአጋሮ፣ ሳይደውሉ።

ዙሪያውን አዩ። ቀስ ብለው፣ ከራስ ወደ ራስ።

«አስተግፊሩላህ! እኔ ልጁ ብቻ መስሎኝ ነበር!»

ጋሽ ከተማ ከነማጥለያቸው ተነስተው እጅ ነሱ። «እንኳን ደህና መጡ። የእድር ኮሚቴ ነን።»

«ዛሬውኑ እወስደዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ማሂራ። «ይሄ ቤት ልጅ የሚያድግበት አይደለም።» እኔ መናገር ጀመርኩ፤ ስለ ቆቡ፣ ስለ ሞገዱ፣ ስለ ዮርዲ፣ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን፣ እየጨመርኩ ስሄድ ፋሂም ማጥለያውን ጥሎ መኪናው ሥር ገባ። ያዳኑን ጋሽ ከተማ ናቸው። «እመቤት፣ የተያዘ ቀጠሮ አለ። ቀጠሮ ሳይደርስ ፋይል አይዘጋም» አሉ። ሴትዮዋ ከራቫቱን አይተው ይሁን እንጃ፣ ተነፈሱ።

«እስከ ጳጉሜ። ከዚያ በኋላ እኔ ሰው አልሰማም።»

ማጥለያ ሳልሰጣቸው መግባታቸው ነው አሁን ድረስ የሚቆጨኝ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ተለካ! ተለካ! ተለካ!

መጀመሪያ እኔ ተለካሁ፤ ፋሂም እንዲያይ። ቆቡን አደረጉልኝ፣ ቀዝቃዛውን ቅባት በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አደረጉ፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ሁሉ ደመቀ። እንዴት ያምራል!

«እማማ፣ አሁን አይናገሩ» አለ ዮኤል።

«እሺ።»

«እሺም አይበሉ።»

«ለምን?»

ስክሪኑን አዞረልኝ። መስመሩ ሁሉ ጫካ ሆኗል። «ይሄ አንጎል አይደለም፤ መንጋጋ ነው። ሲያወሩ የጡንቻው ኤሌክትሪክ ይሸፍነዋል። ከአንጎልዎ እስካሁን ምንም አላገኘሁም።» እንዲያትምልኝ ለመንኩት፤ ሱቅ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። በጅማ መንጋጋው የታተመለት ሰው ካለ ይምጣ!

ከዚያ ፋሂም እናቱ ጭን ላይ ተቀመጠ። ቆቡን አየ፣ በጣቱ መታው። ሰማው። ዝም ብሎ አስደረገ! እኔ እልል ልል ስል ዮርዲ ክንዴን ይዛ ኮሪደር አወጣችኝ። በሩ ግን በደንብ አይዘጋም። እዚያ አንዲት የሰቃ እናት ተቀምጣ ነበር፣ ተጫወትን፣ የቅቤውን ታሪክ ነገርኳት፣ ሳቅን።

ሲጨርሱ ዮኤል ወረቀት ለሩፈይዳ ሲያሳያት ደረስኩ። የሰው ንግግር ከውጭ በመጣ ቁጥር መስመሩ ሲዘል ይታያል አለ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይረጋል። ንግግሩ የኔ እንደሆነ ወዲያው ለየሁት። ይዘላል! አያቱን እንዴት እንደሚወድ ማሽን መሰከረ! በባጃጅ ስንመለስ ለሹፌሩ ሁሉንም ነገርኩት። ሩፈይዳ እስከ ቤት ዝናቡን ታይ ነበር።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ውጤቱን ነገሩን። በማሽኑ ብቻ አይደለም፤ በነዚህ ሁሉ ቀጠሮዎች ካዩት፣ ከሩፈይዳም ከጠየቁት ጋር አገናኝተው ነው። ኦቲዝም ነው አሉ። ሩፈይዳ አላለቀሰችም። «አውቃለሁ» አለች።

ከዚያ ዮኤል ወደኔ ዞረ። «ብዙ ቃል በአንዴ ሲመጣበት ሐሙስ ገበያ መሐል እንደቆመ ነው የሚሆነው። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ያናግረው። አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል። ከዚያ ይጠብቁት። ጠብቀው ደግሞ ይጠብቁት።»

ማንን እንደሚናገር ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ነበር።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ጆሮውን የሚያስሸፍነው ብርድ አልነበረም።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ዝምታ ጀምሬያለሁ። ፋሂም ባለበት አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል ብቻ። ፋሂም ደግሞ ሁልጊዜ አለ!

ሱቁ ሞላ። ሻሽ ሊገዛ የመጣ የለም፤ ሁሉም እኔን ሊያይ ነው የመጣው። ዙቤይዳ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ አንድ ቤት ስለተደረገ ጉድ ሆን ብላ አሳስታ ነገረችኝ፤ ሰውየውን ከማይሆን ሴት ጋር አጋባችው። እንዳርማት ነው! ጥርሴን ነከስኩ። ቲጃኒ «ትፈነዳለች፣ ራቅ በሉ» ይላል።

ማታ ጋሽ ከተማ ከኮሚቴው ጋር መጡ፤ ፊታቸውን አጥቁረው። ቤቱ እንዲህ ዝም ያለው ሰው ሞቶብን መስሏቸዋል። ለስላሳም ይዘዋል በዚህኛው! ሩፈይዳ ስታስረዳቸው ቆይተው «መልሰን አንወስደውም፣ ከመዝገብ ወጥቷል» አሉና አብረን ጠጣን። በዝምታ።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ደብተሩ ሊያልቅብኝ ነው። አፌ የተወውን እጄ ወረሰው።

መዋዕለ ሕፃናቱ የማዕከሉን ምክር አነበበ። ከመስከረም ጀምሮ ግማሽ ቀን፣ እናቱ በር ላይ ሆና፣ እንሞክረው አሉ! ሩፈይዳ ለኢስሃቅ ደወለች። «እናቴ ትወስን» አለ። ስልኩን ስትዘጋ እጇን አየሁት፤ ያበጠው ድኗል። ምን ላርግ? ልናገር? በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ አወራሁበት? አንዱ እንኳ ለሱ ነበር? ለኔ ነው እንጂ። ዝም ካልኩ እንዳላስብ።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

መጡ። አይሱዙው በር ላይ ቆመ፤ ኢስሃቅ ከመሪው አልወረደም፣ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ። ወይዘሮ ማሂራ ባዶ ሻንጣ ይዘው ገቡ።

«የልጁን ልብስ አምጡልኝ።»

ሰላም አልኳቸው፤ ራሴን በመነቅነቅ ብቻ።

«ምነው? ኩርፊያ ነው?»

ሩፈይዳ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። አልገባቸውም። መናገር ጀመሩ፤ ስለ ግቢያቸው፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ሰው አፍ፣ በልጅ ልጃቸው ሰው ሲጠቋቆም እንዴት ሌሊት እንደማይተኙ። ድምፃቸው እየተሰበረ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ዛሬ ነው፤ ሴትዮዋ እንደኔው ፈርተዋል። ፋሂም ጆሮውን ያዘ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

«እኔን? ኩልሱም እኔን ዝም በሉ ትለኛለች? ኩልሱም?»

ከመገረማቸው የተነሳ ዝም አሉ።

ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። የፋሂም ልብስ ታጥፎ ሻንጣው አጠገብ አለ። ውስጤ ስንት ቃል ተሰልፎ ነበር! አላህ ይመስክር፣ አንዱንም አላሳለፍኩም።

ፋሂም እጁን ከጆሮው አወረደ። ከመኪናው ሥር ወጣ። ወደኔ መጣ። ፊቴን አየ፤ ዓይኔን ሳይሆን አፌን። ከዚያ በሁለት ጣቱ ከንፈሬን ፈልቅቆ ጥርሴን ከፈተና ውስጡን አየ። ሥራ ያቆመ ራዲዮ ከኋላ እንደሚፈታ ሰው። እጁን አላነሳም። ይጠብቀኛል።

«ፋሂም» አልኩት። አንድ ቃል።

ፊቱ ፈካ። ቀና ብሎ ወደ ወይዘሮ ማሂራ ሄደ፤ እሳቸውንም ከንፈራቸውን ፈለቀቀ። ወርቅ ጥርሳቸውን መረመረ። ጠበቃቸው።

ሴትዮዋ ወደኔ አዩ። አንድ ጣቴን አሳየኋቸው፤ አንድ ብቻ።

«ፋሂም» አሉ፤ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም።

ሳቀ። ተመልሶ ወደኔ፣ ደግሞ ወደሳቸው። እሱ አፍ ይከፍታል፣ እኛ ስሙን እንጠራለን፣ እሱ ይስቃል። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አልቆጠርኩም። ኢስሃቅ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር፤ መቼ እንደወረደ አላየሁም።

ወይዘሮ ማሂራ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ሻንጣውን በእግራቸው ወደ ልጃቸው ገፉት። «ሂድና የኔን ልብስ ይዘህ ና» አሉት በሹክሹክታ። «እዚህ እሰነብታለሁ።»

ኢስሃቅ ሄደ። ሩፈይዳ ጨርቅ አስገብታ መስፋት ጀመረች። አሁን እኔና አማቷ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ እኔ ይሄን እጽፋለሁ፣ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። ግድግዳው ላይ የኔ መንጋጋ ተሰቅሏል፤ ምን እንደሆነ ሊጠይቁኝ ሞተዋል። እኔም ልነግራቸው ሞቻለሁ።

ቆይተው ዘንበል አሉብኝ። «ኩልሱም» አሉ፣ ትንፋሽ ብቻ ሆነው፣ «እንዲህ የምንቀመጠው እስከ መቼ ነው?»

እጄን ከወለሉ አነሳሁ። ከጠረጴዛው በላይ፣ ከራሴም በላይ አድርጌ፣ ክንዴ እስኪያልቅ ዘርግቼ አሳየኋቸው። እዚህ ድረስ እስኪያድግ።

እጄን አዩት። «ያ ረቢ» አሉና ትራስ ጎትተው ከጀርባቸው አስገቡ፤ ተመቻቹ።